ራዲዮ ለምን ዝም አለ

ሴትዮዋ ከፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አልነሣም አለች። ተረኛው ፖሊስ ለመናት፣ ተቆጣት፣ ቆይቶ ደግሞ አሳዘነችውና ውሃ አመጣላት፤ ወይ ፍንክች! ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅጥቃ መሬት መሬቱን ታያለች። ሰው ሲጠጋት ብቻ ቀና ትልና ያችኑ አንድ ነገር ትደግማለች።

«ልጄ ራሱን አላጠፋም በሉኝ። አጥፍቷል ካላችሁም እኔን እሰሩኝ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሰው ወይ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ያልፋል፣ ወይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የዚያን ዕለት ከዓመት ፈቃዷ የተመለሰችው መርማሪ ቁጭ አለች።

ይህችን መርማሪ ባልደረቦቿ በማዕረጓ ጠርተዋት አያውቁም፤ «እሜቴ ለምን» ነው የሚሏት። ዘነበ ቢሏት «ለምን?» ትላለች እያሉ ይቀልዱባታል። አጠር ደንደን ያለች፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር ጉልበቷን የምትረግም፣ ሰው ሲያወራ ግን ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ሌላው ሰው ለወግ ያህል ይተርተዋል፤ እሷ ግን እንጀራዋ ነው።

«ለምንድን ነው የገደልኩት እኔ ነኝ የምትዪው፣ እህቴ?»

«የዚያን ቀን ጠዋት ተጣላን። የመልቀቂያ ፈተናው ደርሶበት እሱ ከትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሥር አይጠፋም። ‹ወይ እሱን ተው፣ ወይ ከቤቴ ውጣልኝ!› አልኩት። ቁርሱን እንኳ ሳይነካ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሆዴ ባባ። ለክፍሉ ኃላፊ መምህርት ደወልኩላቸውና ‹እናትህ ተሳስታ ነው፣ ለምሳ ና ብላሃለች በሉልኝ› ብዬ ለመንኳቸው። ሳያገኙት ቀሩ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አባቱ ከቀበርነው ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰኝም። ልጆቹን ያናግራል፣ ጎረቤቱን ያናግራል፤ እኔ ስገባ ተነሥቶ ይወጣል። አልፈርድበትም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል ሲባል እሰማ ነበር። የኔው ምላስ ልጄን ሰበረው።»

«ታዲያ ለምን ራሱን አላጠፋም ትያለሽ?»

ሴትዮዋ አሰብ አደረገች። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ባይሆን ብዬ ነው።»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ ይህን ያህል እውነት ግን ብዙ ጊዜ አልሰማችም። ተነሥታ የተዘጋውን መዝገብ አስከፈተች።

ትምህርት ቤቱ ተማሪ ሲለቀቅ መኪናው ሁሉ ቆሞ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ ዴስክ አራት እየሆኑ ይተፋፈጋሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ የቅጽል ስም ያልወጣለት የለም። ሟቹን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ራዲዮ» ይሉት ነበር፤ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ እሱ ነበራ! በእረፍት ሰዓት ዜና የሚያነበው፣ የጠፋ ቦርሳ የሚያፈላልገው፣ የኳስ ውጤት የሚናገረው፣ ሽንት ቤቱ ውሃ ያጣ ጊዜ «ለተጠሙት ቧንቧዎቻችን የአንድ ደቂቃ ጸሎት» ብሎ ግቢውን በሳቅ የሚያፈርሰው እሱ ነው። ከእረፍት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ከአሮጌው ፎቅ ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተገኘ። የሚኒ ሚዲያው ክፍል በዚያው ፎቅ የላይኛው ደርብ ላይ ነው። ከበሩ አጠገብ የብረት መሰላል ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ጣሪያው ላይ ተማሪዎቹ «ጡሩምባ» የሚሉት ትልቁ ድምፅ ማጉያ ከምሰሶ ጋር ታስሯል።

መርማሪዋ መጀመሪያ የገባችው ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። ከአንገታቸው የማትወርድ ፊሽካ ስላለቻቸው ተማሪው «ፊሽካ» ይላቸዋል። ሳይቀመጡ ነው የተቀበሏት።

«ልጁ በዚያ ማይክ ሲቀልድብኝ ከርሟል። ‹ክበቡን እዘጋዋለሁ› ብዬ ዝቼበታለሁ። በማግሥቱ ይሄ መጣ። እኔን ሊይዙኝ ከሆነ ይያዙኝ።»

«ቀስ ይበሉ እንጂ! ያን ሰዓት የት ነበሩ?»

«በሩ ላይ፣ ከዘበኛው ጋር። ከእረፍት ያረፈዱትን እያስቆምኩ። ድምፁን የሰማሁትም እዚያው ነው።»

«የምን ድምፅ?»

«ግቢው በሙሉ የሰማውን ነዋ። ማይኩ ላይ ሁለት ጊዜ እፍ፣ እፍ አለ፤ ከዚያ ጡሩምባው ሲጢጥ ብሎ ጮኸና ጸጥ። ወዲያው የሰው ጩኸት ሆነ። ማይኩን ሞክሮ፣ ወጥቶ፣ ራሱን ወረወረ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተማሪዎቹ ‹የራዲዮ የመጨረሻ ትንፋሽ› ይሉታል። ምነው ባልዛትኩበት ኖሮ! እንቅልፍ አጣሁ፣ እውነቴን ነው።»

የክበቡ ኃላፊ የፊዚክስ መምህሩ ናቸው፤ ስማቸው «ቮልት»። የሸሚዛቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል፤ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሷትም።

«እኔ ነኝ የላክሁት! የጡሩምባው ሽቦ ላልቶ ይንኮሻኮሽ ነበር። ‹ፈቃድ ልስጥህና አጥብቀው› አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«እፍ እፍ ሲባል የት ነበሩ?»

«ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ። ‹ማነው ማይኬን የሚያበላሽብኝ!› ብዬ ስጮህ ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። ማይክ ላይ እፍ አይባልም፤ ትንፋሽና ምራቅ ይገድለዋል። ልጆቼን በጥፍር ጫር ጫር እንዲያደርጉት ነው ያስተማርኳቸው። ራዲዮማ እፍ የሚል ሰው ካየ ይጣላ ነበር።»

«ያን ቀን ታዲያ ለምን እፍ አለ?»

«እሱን ነው የማሰላስለው። ሁሉን ነገር እርግፍ አድርጎ ትቶታል ማለት ነው።»

መርማሪዋ ጣሪያውን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። መሰላሉን ስትወጣ ጉልበቷን፣ መሰላሉን የሠራውን ሰው፣ የበላችውንም ምሳ በየተራ ረገመች። ከሷ በፊት የመጡት ፖሊሶች ወደ ጣሪያው ብቅ ብለው ተመልሰዋል፤ አስከሬኑ ታች ነው፣ ላይ ምን አለ ብለው መሆን አለበት።

ላይማ ነገር ነበረ። ቆርቆሮው ላይ ፒንሳ ተቀምጧል፤ ጠል ነክቶት ዝጓል። ከጡሩምባው የሚወርደው ሽቦ ጫፉ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁር ናስትሮ ዞር ዞር ብሎ ተጠቅልሎ፣ ጥቅሉ ሳይቆረጥ እንደተንጠለጠለ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

«ጀምሮት ነበር» አሉ ቮልት።

«ሊሞት የወጣ ልጅ ለምን ሽቦ ይጠቀልላል? መጠቅለሉን ይጠቅልል፤ ለምን አጋምሶ ይተወዋል?» መርማሪዋ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ጠጋ ብላ ወዲያው ተመለሰች፤ ጠርዙ ከሽቦው አንድ እርምጃ አይርቅም። «ይህን ሽቦ ይዞ ሳለ ኃይል ቢለቀቅበትስ?»

«አይገድለውም። ግን ነዝሮ ያስደነብረዋል። ጡሩምባውም ጆሮው ሥር ነው፣ ያደነቁራል፤ እዚህ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው …» አልጨረሱትም። «ግን እኮ ልጆቹ የማጉያው ማሽን ጠፍቶ ነው የሚሠሩት! ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው!»

«ማብሪያው የት ነው?»

«ታች፣ ክፍሉ ውስጥ።»

ከሜዳው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጫጫታ ይሰማል።

የመምህራን ማረፊያው ከሜዳው ማዶ ነው፤ ከዚያ ወደ አሮጌው ፎቅ የሚሄድ ሁሉ በዋናው በር ፊት ያልፋል። የራዲዮ ክፍል ኃላፊ መምህርት እዚያ ደብተር ሲያርሙ አገኘቻቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ለታመመ ተማሪ መድኃኒት፣ ለደበረው ምክር የማያጡ ሰው ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «እምዬ» ነው የሚላቸው። መርማሪዋን ሲያዩ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላት።

«እናቱን በየቀኑ ሄጄ አያታለሁ» አሉ። «‹ጊዜው ደርሶ ነው፣ አንቺ አይደለሽም› እላታለሁ። ምን ይባላል ሌላ?»

«መልእክቷን ሳያደርሱለት ቀሩ አለችኝ።»

«ሳላገኘው ቀረሁ። እዚሁ ተቀምጬ ሳርም ነበር፤ ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

«ሰሞኑን ልጁ እንዴት ነበር?»

«ልቡ ሌላ ቦታ ነበር፣ የኔ እመቤት። ዝንጉ ሆኖ ነበር። መታወቂያውን እንኳ የትም ጥሎ ይሄዳል። ያለ መታወቂያ በበሩ እንደማይወጣ እያወቀ!» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ልጅ ናቸው፤ ምን ያደርጋሉ።»

ዘበኛው መታወቂያ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቆፍጠን አሉ፤ እሳቸው በር ላይ እያሉ ያለ መታወቂያ ዝንብ አይገባም፣ አይወጣም።

«አባባ፣ ራዲዮ መታወቂያውን ረስቶ ያውቃል?»

«ራዲዮ? አንድም ቀን! ‹አንተ ልጅ፣ ስትታጠብም አታወልቃት?› እያልኩ እቀልድበት ነበር። የሞተ ዕለትም አንገቱ ላይ ነበረች፣ ምስኪን። ልብሱ እንዲያ ሆኖ እሷን ደም እንኳ አልነካት።»

«ማን ነው ቀድሞ የደረሰው?»

«እኔና ፊሽካ … ይቅርታ፣ እኔና ምክትሉ አብረን በረርን። እዚህ በር ላይ ነበርን፤ ከኛ የሚቀርብ አልነበረም። የቀደሙን እምዬ ብቻ ናቸው፤ አቅፈውት አገኘናቸው። እናት አይደሉ?»

መርማሪዋ አመሰገነቻቸውና ወደ አሮጌው ፎቅ ተመለሰች። በሚኒ ሚዲያው ክፍል ራዲዮ ከሞተ ወዲህ ማንም ዜና አላነበበም። አንዲት ተማሪ ግን በእረፍት ሰዓት እየመጣች በዝምታ ትቀመጥበታለች፤ ከራዲዮ ጋር በተራ ታነብ የነበረችው ልጅ፣ «ቅመም» ናት። ምላሷ ፈጣን ነው ብለው ነው ያን ስም ያወጡላት። አሁን ግን ቃል በመከራ ነው የሚወጣት።

«መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ» አለች። «ላይ ከደረሰ በኋላ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ፈተና ነበረኝ። ብቆይ ኖሮ …»

«ሲወጣ ከፍቶት ነበር?»

«ኧረ! እየሳቀ ነበር። ‹ዛሬ ምሳ ቤት ሄጄ እናቴን አስቃታለሁ፣ ቁርሴንም አብሬ እበላለሁ› አለኝ።» ቀና አለች። «ግን ሲስቅ ውስጡ ሌላ ነበር ማለት ነው። እኛ እናውቃለን፣ የክበቡ ልጆች። ለማንም አልተናገርንም እንጂ።»

«ምኑን ነው የምታውቁት፣ ልጄ?»

ቅመም ወደ ማሽኑ አመለከተች። ማብሪያው ወጣ ያለ ጉጥ ነው። «ወደ ጣሪያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ያጠፋል፤ ከዚያ የራሱን መታወቂያ አውልቆ እዚህ ላይ ይሰቅላል። መታወቂያ ተሰቅሎ ካየን ማንም አይነካትም፤ ‹ሰው ላይ አለ› ማለት ነው። ሲወርድ ራሱ ነው የሚያወርዳት። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን፤ ቲቸር ቮልት እንኳ አያውቁም። እኔ ስሄድ ራዲዮ ሽቦውን ሳይነካ ከላይ አይቶ፣ ወርዶ መታወቂያዋን ሊሰቅል ነበር፤ ያኔ አንገቱ ላይ ነበረች። ስትገኝም አንገቱ ላይ ነበረች።» እንባዋ መጣ። «ሊወርድ ያሰበ ሰው ይሰቅላል። እሱ አልሰቀለም። ስለዚህ ሊወርድ አላሰበም ብለን …»

መርማሪዋ የልጅቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ለብዙ ጊዜ ቆመች። ያን ቀን አንድም «ለምን» አልጨመረችም።

በማግሥቱ የጠዋቱ ተማሪ ከተለቀቀ በኋላ ሁሉንም እዚያችው ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ፊሽካን፣ ቮልትን፣ ዘበኛውን፣ ቅመምን፣ እምዬን፣ የልጁንም እናት። እናቲቱ ከእምዬ አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች።

«ይህን ነገር ስይዘው አንድ ነገር ገረመኝ» አለች እሜቴ ለምን። «የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ‹እኔ ነኝ› ይላል። ምክትሉ ባልዛትኩ ይላሉ፣ መምህሩ ባልላክሁት ይላሉ፣ ልጅቷ ብቆይ ትላለች፣ እናቱ እሰሩኝ ትላለች። ሰው ሲሞት ወጉ ነው፤ የሚወድ ሰው ‹ምነው› ይላል። ከልጁ ቅርብ ሰዎች አንዱ ብቻ ‹ምነው› አላለኝም። ያን ሰው ለጊዜው ተዉትና ከልጁ እንጀምር።

«ልጁ ራሱን አላጠፋም። ናስትሮው ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይመሰክራል፤ ሽቦ እየጠቀለለ ሳለ ነው የወደቀው። ስለዚህ እፍ እፍ ያለው እሱ አይደለም፤ አንድ ሰው ላይና ታች ባንድ ጊዜ አይሆንም። ማሽኑን ያበራው ሌላ ሰው ነው። ማን? የክበቡ ልጅ አይደለም፤ የክበቡ ልጅ ማይክ ላይ እፍ አይልም። መምህሩም አይደሉም፤ ያን ጊዜ ክፍል ሙሉ ተማሪ እየሳቀባቸው ነበር። ምክትሉና ዘበኛው በሩ ላይ አብረው ነበሩ።»

ቮልት ግንባራቸውን ያዙ።

«ወደ መታወቂያው እንምጣ። የክበቡ ልጆች አንድ ሕግ አላቸው፤ ጣሪያ የሚወጣ ሰው መታወቂያውን ማብሪያው ላይ ይሰቅላል፣ የተሰቀለ መታወቂያ አይነካም። አንገቱ ላይ ሲያዩት ጊዜ ‹ሊሞት ነው የወጣው› ብለው ልባቸው ተሰበረ። እኔ ግን የልጁ ልብስ በደም ርሶ መታወቂያው ለምን ንጹሕ ሆነ አልኩ። ከወደቀ በኋላ ስለተደረገለት ነው። ልጁ ሕጉን ጠብቆ ሰቅሏት ነበር። ሕጉን የማያውቅ ሰው መጣና የተረሳች መስላው አነሣት።

«የልጁን መታወቂያ ያለ ልጁ ያየ ሰው ደግሞ አለ። ‹የትም ጥሎ ይሄዳል› አለኝ። ዘበኛው አንድም ቀን ጥሏት አያውቅም ይላሉ። የት ታየች ታዲያ? ያው ሰው ከሜዳው ማዶ ነበርኩ ይላል፤ በበሩ ፊት ሲያልፍ ግን ማንም አላየውም፣ እነሱም ሮጠው ሲደርሱ ቀድሟቸው ነበር። ከዚህ ክፍል በደረጃው የወረደ ሰው ነው እንዲያ የሚቀድመው። ያ ሰው ጠዋት መልእክት ተቀብሏል፤ ልጁን ይፈልግ ነበር። ራዲዮን የሚፈልግ ሰው የት ይሄዳል?»

እናቲቱ የያዘችውን እጅ ቁልቁል አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

እምዬ አላስተባበሉም። እንደ ትንሽ ልጅ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«በሩ ክፍት ነበር፣ እሱ የለም» አሉ። «መታወቂያው እዚህ ተንጠልጥሏል። ‹ይሄ ዝንጉ! ዘበኛው ሊያስቀረው ነው፣ ለምሳ ሊሄድ አይደል› አልኩ። ‹ወደ እኔ ና› ብዬ በማጉያው ልጠራው አሰብኩ። መታወቂያውን አነሣሁ፣ አበራሁት፣ እፍ እፍ አልኩ። ከላይ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰማሁ … በዚህ መስኮት ሲያልፍ አየሁት።»

«መታወቂያውን ለምን አንገቱ ላይ አደረጉለት?»

«እጄ ላይ ነበራ! ዕድሜዬን ሙሉ ‹መታወቂያህን አድርግ› ስል ነው የኖርኩት። ያን ሰዓት ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ሕጋቸውን የት አውቄው?» ወደ ቅመም ዞሩ። «እንዲያ ማለት እንደሆነ ዛሬ ነው የሰማሁት፣ ልጄ። በሞቴ ዛሬ ነው።»

«ለምን አልተናገሩም?» አለች መርማሪዋ፤ እንደዚያን ጊዜ ቀስ ብላ «ለምን» ብላ አታውቅም።

«መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ እሷን ሳያት … ምን ብዬ ልንገራት? ‹በእኔ የላክሽው ይቅርታ ነው የገደለው› ልበላት?»

ፊሽካ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናቲቱ እስከዛሬ እምዬን «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብላቸው አታውቅም።

«ልትነግሪው ነበር?» አለች።

«ልነግረው ነበር።»

«አልሰማም።»

«አልሰማም፣ የኔ ልጅ።»

«ልጅሽ አይደለሁም።» ተነሣች። «የልጄንስ ነገር እግዜር ያውቃል፤ እጅሽ ነው የሳተው። እኔ ግን ‹ምላሴ ገደለው› እያልኩ ደረቴን ስደቃ እንባዬን የምትጠርጊው አንቺ ነበርሽ። ‹አንቺ አይደለሽም› ስትዪኝ ለማጽናናት ነበር የመሰለኝ፤ ለካ እያወቅሽ ነው። እሱን ሳታዪ ገደልሽው። እኔን እያየሽ።» ሻርፗን ራሷ ላይ አጠበቀች። «በዪ ተነሺ። ለአባቱ አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

ሕጉ መጀመሪያ ጣቢያ፣ መጀመሪያ ቃል መቀበል ይላል። እሜቴ ለምን ሕጉን ታውቃለች። ሰዓቷን አየች፣ መኪናውን አስነሣች፣ ሁለቱን ሴቶች ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ እናቲቱ ባሳየቻት መንገድ ነዳች።

አባቱ አናጺ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ጣውላ እየላገ አገኙት። ሚስቱን ሲያይ እንደ ልማዱ መላጊያውን አስቀመጠና ሊወጣ ተነሣ።

«ቆይ» አለችው። «እኔ አይደለሁም የምነግርህ። እሳቸው ናቸው።»

እምዬ ቆመው ነገሩት። ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ፣ ከስልኩ እስከ መታወቂያው። ሰውየው አንድ እጁን ጣውላው ላይ እንዳሳረፈ አዳመጠ። ሲጨርሱ አልሰደበም፣ አልጮኸም፣ ቀና ብሎም አላያቸውም። መርማሪዋ የእምዬን ክንድ ይዛ ወደ መኪናው መለሰቻቸው።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። አባቱ ወንበሩ ላይ የተከመረውን የጣውላ ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገ። ደግሞ ጠረገው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ሚስቱ ገፋ አደረገላት።

«እህል ቀምሰሻል?» አላት።

ድምፁን ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አልቀመስኩም» አለችው።